የጋሪ ጎማ እንዴት ይመረጣል? ለሱቅ፣ ለጋራዥና ለመጋዘን፤ ከደሴ እስከ ባቲ

ጋሪ የሚያሠራ ሰው ስለ ጎማው የሚያስበው ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ቱቦላሬው (የጋሪው የብረት ቱቦ) ተቆርጦ፣ ተበይዶ፣ ቀለም ከተቀባ በኋላ «በል አሁን አራት ጎማ ገዝተህ ና» ይባላል። ልጁም በተሰጠው ብር የሚገኘውን ይዞ ይመጣል። ከዚያ ጋሪው ኮብልስቶን ላይ ይንገጫገጫል። አንዱ ጎማ ይጣመማል። የሚገፋው ሰው ወገቡን ይዞ ይቀመጣል። የሚወቀሰው ግን በያጁ ነው።

እኔ ጎማው መጀመሪያ መወሰን አለበት ባይ ነኝ። የጋሪው ቁመት፣ የብረቱ ውፍረት፣ የእጀታው ቦታ ሁሉ ከጎማው በኋላ ይመጣል። ጎማውን ደግሞ የሚመርጥልን ዕቃው ብቻ አይደለም። ጋሪው ከሚያልፍበት መንገድ ውስጥ በጣም ክፉው አንድ ሜትር ነው። ሃያ ሜትር ሊሾ ላይ ተንሸራትቶ በር ላይ ባለች አንዲት ደፍ የሚቆም ጋሪ ጋሪ አይባልም።

በወሎ ይህ ነገር ይብሳል። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ዳገትና ቁልቁለት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል። እዚያ ሜዳ አለ፣ ፋብሪካ አለ፣ የሊሾ ወለል አለ። ሐርቡና ከሚሴ ሙቀት ነው። ባቲ አቧራና ፀሐይ ነው። ስለዚህ ለኮምቦልቻ መጋዘን የተመቸ ጎማ ለደሴ ሰኞ ገበያ ላይመች ይችላል።

አንደኛ፦ ክፉውን ሜትር ፈልጉ

ሜትር፣ ውኃ ልክ፣ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨትና ወረቀት ያዙ። ጋሪው ዕቃ ከሚጫንበት እስከሚያወርድበት ድረስ በእግራችሁ ሂዱ። በየመንገዱ እነዚህን ጻፉ፦ ወለሉ ምንድን ነው? ሊሾ፣ ሴራሚክ፣ ኮብልስቶን፣ ጠጠር ወይስ ጭቃ? ትልቁ ደፍ ስንት ሴንቲ ነው? የውኃ መውረጃው ፍርግርግ ክፍተቱ ስንት ነው? ጠባቡ በር ስንት ይሰፋል? ወለሉ ላይ የሚፈሰው ምንድን ነው? ዘይት፣ ውኃ፣ ጨው፣ የብረት ፍርፋሪ?

ዳገቱን ለመለካት የአንድ ሜትሩን እንጨት አንድ ጫፍ ከላይ በኩል መሬት አስይዙት። ውኃ ልኩን ጫኑበትና እንጨቱን ወደ ታቹ በኩል አግድም አድርጉ። ከዚያ በታችኛው ጫፍና በመሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። 8 ሴንቲ ከሆነ ዳገቱ 8 በመቶ ነው።

ይህን ቁጥር ችላ አትበሉት። በ8 በመቶ ዳገት ላይ 300 ኪሎ የሚመዝን ጋሪ፣ እንዳይመለስ ለመያዝ ብቻ 24 ኪሎ ያህል ጉልበት ይጠይቃል። በ10 በመቶ ደግሞ 30 ኪሎ ይሆናል። ይህ የመሬት ስበት ስለሆነ የትኛውም ውድ ጎማ አይቀንሰውም። ጎማ የሚቀንሰው የወለሉንና የኩሽኔታውን (ጎማው ውስጥ ሆኖ የሚያሽከረክረውን ክፍል) ሰበቃ ብቻ ነው። ዳገቱ ከባድ ከሆነ መፍትሔው ጭነቱን መቀነስ ወይም ሁለተኛ ሰው መጨመር ነው። ጎማ ሻጭ ሌላ ነገር ቢነግራችሁ አትመኑት።

መንገዱን በበጋ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ደሴ ክረምት ብቻ አይደለም ያላት፤ በልግም ይዘንባል። በጥር ደረቅ ያያችሁት አፈር በሚያዝያና በነሐሴ ጭቃ ነው።

ሁለተኛ፦ ክብደቱን ለሦስት አካፍሉ

ጋሪው ባዶውን ስንት ይመዝናል? ሲሞላስ ስንት ይጫንበታል? ሁለቱን ደምሩ። አራት ጎማ ስላለው ለአራት አታካፍሉ። ለሦስት አካፍሉ። ምክንያቱም ወለል ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ላይ ሲደርስ አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ ሦስቱ ይሸከማሉ።

የእህል ነጋዴን እንውሰድ። አራት ኩንታል ጤፍ 400 ኪሎ ነው። ጋሪው 50 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 450 ነው። ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ጎማ 150 ኪሎ ይደርሳል። ስለዚህ ቢያንስ 150 ኪሎ የሚችል ጎማ ያስፈልጋል። እኔ ብሆን 200 እገዛለሁ። ኩንታል እየተወረወረ የሚጫን ነገር ነው፤ ሲያርፍ የሚመታው ከክብደቱ በላይ ነው።

ውኃ የምታመላልሱ ከሆነ ደግሞ 20 ሊትር ጀሪካን ከነፕላስቲኩ 21 ኪሎ ገደማ ነው። አሥር ጀሪካን 210 ኪሎ ማለት ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር አንዳንዴ ኪሎ ሳይሆን ፓውንድ ነው። 300 ፓውንድ 136 ኪሎ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የሚጻፈው አቅም ሰው በእርጋታ እየሄደ በለስላሳ ወለል ላይ ለሚገፋው ጋሪ ነው። በሞተር ወይም በባጃጅ ለመጎተት አይደለም። እንዲህ ዓይነት ጋሪ ባጃጅ ኋላ ታስሮ ሲበር ስመለከት ያስፈራኛል፤ ጎማው ቢነቀል መንገድ ዳር ያለው ሕፃን ነው የሚመታው።

ሦስተኛ፦ የጎማውን ትልቅነት ወስኑ

ገንዘብ ካጠራችሁ ከሌላው ሁሉ ቀንሳችሁ እዚህ ላይ አውሉት። ትልቅ ጎማ ከውድ ጎማ ይበልጣል።

ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው። በፊት ጎማዎቹ ላይ 100 ኪሎ አርፏል እንበል። ጋሪው ቆሞ ሳለ 1 ሴንቲ ከፍታ ያላት ደፍ ከጎማው ፊት አለች። ጠንካራ ጎማ ከሆነና ስፋቱ (ከዳር እስከ ዳር) 10 ሴንቲ ከሆነ፣ ለማሻገር 75 ኪሎ ያህል መግፋት ያስፈልጋል። ጎማው 20 ሴንቲ ሲሆን 48 ኪሎ ይበቃል። 40 ሴንቲ ሲሆን 33 ኪሎ። ደፏም ጭነቱም ያው ናቸው፤ የተለወጠው የጎማው ትልቅነት ብቻ ነው።

እኔ በግምት የምጠቀምበት ይህ ነው። ለሴራሚክና ለጥሩ ሊሾ 10 ሴንቲ ወይም 12.5 ሴንቲ ይበቃል። ሊሾው የተሰነጣጠቀ፣ ደፍና የውኃ ፍርግርግ ያለበት ከሆነ 16 ወይም 20 ሴንቲ። ኮብልስቶን፣ ጠጠርና ጭቃ ከሆነ ከ30 ሴንቲ በታች አታስቡ። ትንሽ ጎማ በኮብልስቶኑ መጋጠሚያ ውስጥ እየገባ ሲወጣ ጋሪውንም ዕቃውንም ያደቃል።

ትልቅ ጎማ ጋሪውን ከፍ ያደርገዋል። 10 ሴንቲ ጎማ ከነሹካው (ጎማውን ከጋሪው ጋር ከሚያያይዘው ብረት ጋር) 13 ሴንቲ ገደማ ይቆማል። 12.5 የሆነው 16 ገደማ፣ 20 የሆነው 24 ገደማ። ስለዚህ በያጁ ብረት ከመቁረጡ በፊት ይህን ማወቅ አለበት። እጀታው ከመሬት ከ90 እስከ 110 ሴንቲ መካከል ቢውል ለብዙ ሰው ይመቻል።

አራተኛ፦ ጎማው ከምን ይሠራ?

እዚህ ላይ ጊዜ ወስደን እንነጋገር፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው።

*ናይለን።* ጠንካራ ነው፣ ነጭ ወይም ክሬም ይመስላል። ብዙ ይሸከማል። ዘይት፣ ውኃና ጨው አይጎዱትም። ለስላሳ ወለል ላይ በቀላሉ ይሽከረከራል። ጉዳቱ ጩኸቱና ጥንካሬው ነው። ሴራሚክ ይሰነጥቃል፣ ቀጭን ሊሾ ይፈረፍራል፣ ዕቃውን ያንቀጠቅጣል። ባቲ የአፋር ጨው ለሚነግድ ሰው መጋዘን ውስጥ ግን ከናይለን የተሻለ አላውቅም። ጨው ብረት ይበላል። ስለዚህ ሹካውም ቢቻል የማይዝግ ብረት ይሁን፤ ካልተቻለ ቶሎ ቶሎ በንጹሕ ውኃ ይታጠብና ግራሶ ይቀባ።

*ጥቁር ጎማ።* ርካሽና ጸጥተኛ ነው። ሸካራ ወለልን ይችላል። ግን ጥቁር መስመር ወለል ላይ ይተዋል። ዘይትና ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ስለዚህ ለጋራዥና ለዘይት መጭመቂያ አይሆንም። ከባድ ዕቃ ተጭኖበት ለብዙ ቀን ከቆመ ደግሞ አንድ ጎኑ ጠፍጠፍ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ሲሄድ ይዘላል። በሐርቡ ፀሐይ ደጅ የሚያድር ከሆነ ይሰነጣጠቃል።

*ግራጫ ለስላሳ ጎማ።* ለሆቴል፣ ለክሊኒክ፣ ለካፌ ነው። ሴራሚክ ላይ መስመር አይተውም፣ አይጮኽም። ሻይና ምግብ የሚያመላልስ ጋሪ 10 ሴንቲ ግራጫ ጎማ ቢገባለት ጥሩ ነው። ብዙ አይሸከምም፤ ኩንታል አትጫኑበት።

*ፖሊዩሬቴን።* በውስጡ ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ፣ በላዩ የፖሊዩሬቴን ሽፋን ያለው ነው። ብዙ ጊዜ ቀይ፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ነው። እንደ ናይለን ያህል ባይሆንም ብዙ ይሸከማል። እንደ ጎማ ያህል ባይለሰልስም ወለል አይጎዳም። ዘይትን ይቋቋማል። ለኮምቦልቻ መጋዘኖች፣ ለብረታ ብረት ሥራ ቤት፣ ለጋራዥ መሣሪያ ጋሪ የምመክረው ይህን ነው። ውድ ነው። ግን በጎማ ከተሠራው ይልቅ ረጅም ዕድሜ ስላለው ዋጋውን ይመልሳል። ሁለት ጠላት አለው። አንዱ ሙቀት ነው፤ ተራው ዓይነት 80 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይደክማል። ሌላው እንፋሎት ነው። ሁልጊዜ በሙቅ ውኃና በእንፋሎት ውስጥ ከዋለ አንዳንዱ ዓይነት ውስጡ ይበሰብስና ይፈረካከሳል። ስለዚህ ልብስ ማጠቢያ ቤት ከሆነ ናይለን ይሻላል።

*ጊዛና ፌኖሊክ።* የብየዳ ብልጭታ፣ ትኩስ ፍርፋሪ ብረት የሚወድቅበት ቦታ ላይ ጎማና ፖሊዩሬቴን ይቃጠላሉ፤ ፍርፋሪውም ይሰካባቸዋል። እዚያ የጊዛ ጎማ ምንም አይሆንም። ግን ይከብዳል፣ ይጮኻል፣ ወለል ይቀጠቅጣል፣ ይዝጋል። ፌኖሊክ ጠንካራ፣ ጥቁር ቡናማ የፕላስቲክ ዓይነት ነው፤ ብዙ ይሸከማል። ዳቦ ቤት ከሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መደርደሪያው ከነጎማው ምድጃ ውስጥ የሚገባ ከሆነ የምድጃው ሙቀት ከ200 ዲግሪ በላይ ነው። ተራ ጎማ ይቀልጣል። «ለምድጃ የሚሆን ከፍተኛ ሙቀት የሚችል» ብላችሁ ጠይቁ፤ ኩሽኔታውና ግራሶውም ሙቀት የሚችል መሆኑን አረጋግጡ። ተራ ግራሶ ምድጃ ውስጥ ይቀልጥና ይንጠባጠባል።

*በአየር የሚነፋ።* ደጅ ለሚሠራ ሁሉ፣ በተለይ ለደሴ፣ ምርጫዬ ይህ ነው። ኮብልስቶኑን ይውጠዋል፣ ጭቃ ላይ አይሰምጥም። እንቁላል፣ ጠርሙስ፣ ቲማቲም የምታመላልሱ ከሆነ ሌላ አትፈልጉ። ክፋቱ መተንፈሱና መፈንዳቱ ነው።

ዋጋው አሳሰባችሁ? አብሽሩ፤ መንገድ አለ። የባጃጅ ጎማ ልኩ 4.00-8 ነው። ብዙ የግንባታ ጋሪዎችም ይህንኑ ልክ ይጠቀማሉ። ስለዚህ ካላማዳሪው (የውስጥ ላስቲኩ) በየመለዋወጫ ሱቁ አለ፣ ጎሚስታውም በየመንገዱ አለ። ያገለገለ የባጃጅ ጎማ ከነቸርኬው ገዝቶ፣ ፐርኖውን (ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ) ቶርኖ ቤት አስቆርጦ፣ ሁለት ጎማ ያለው ጋሪ መሥራት ይቻላል። ባጃጅ ራሷ ከነተሳፋሪዎቿ በሦስት እንዲህ ዓይነት ጎማ ስለምትሄድ ጥቂት ኩንታል አያስጨንቀውም። ፐርኖውን ከጭነቱ መሐል ትንሽ ራቅ፣ ወደ ፊት አድርጉት። እንዲህ ሲሆን ክብደቱ በጥቂቱ ወደ ገፊው ያደላል፤ እጀታው ወደ ላይ አይነሳም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የባጃጅ ቸርኬ ሁለት ግማሽ ሆኖ በቡሎን የተያያዘ ነው። አየሩን ሙሉ በሙሉ ሳታስወጡ ዳዶዎቹን አትፍቱ። አየር ባለበት ከተፈታ ግማሹ እንደ ጥይት ይወጣል። የነፋሱም ልክ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው አይለፍ።

አምስተኛ፦ ዟሪና ቋሚ

ካስተር፣ ማለትም ጎማው ከነሹካው፣ ሁለት ዓይነት ነው። ሹካው የሚዞር አለ፣ የማይዞር አለ። ዟሪና ቋሚ ልበላቸው።

በብዛት የሚጠቅመው ሁለት ቋሚ ከፊት፣ ሁለት ዟሪ ደግሞ ከእጀታው በኩል ነው። ገፊው ከኋላ ሆኖ ጅራቱን ሲያዞር ጋሪው ይታዘዛል። ቀጥ ብሎም ይሄዳል።

አራቱም ዟሪ የሆነ ጋሪ ለጠባብ ሱቅ ጥሩ ነው። ወደ ጎን ሁሉ ይሄዳል። በረጅም መተላለፊያ ግን ያወላግዳል። በዳገት ላይ ደግሞ አደገኛ ነው፤ ጋሪው ወደ ጎን ተንሸራቶ ይወርዳል። ደሴ ውስጥ ደጅ ለሚወጣ ጋሪ አራት ዟሪ አታስገቡ። ይህን በእርግጠኝነት ነው የምናገረው።

ፍሬን ያለው ቢያንስ ሁለት ጎማ ይሁን። ጎማውን ብቻ የሚይዝ ፍሬን አለ፤ ጎማውንም መዞሪያውንም አብሮ የሚይዝ አለ። ሁለተኛው ለሥራ ጠረጴዛ ይመረጣል፤ ጋሪው አይወዛወዝም። ግን ይህ ፍሬን ለማቆሚያ ነው። እየወረደ ያለ ጋሪን ለማብረድ አይደለም። በቁልቁለት ላይ ሁልጊዜ ከጋሪው በላይ በኩል ሆናችሁ እየያዛችሁ አውርዱ። ከታች በኩል ቆሞ መደገፍ የሰው እግር ይሰብራል። ካቆማችሁት በኋላም ጎማው ሥር ሽብልቅ እንጨት አድርጉ፤ በገመድ አስራችሁ ጋሪው ላይ ብትሰቅሉት አይጠፋም።

ስድስተኛ፦ ኩሽኔታው

ርካሹ ኩሽኔታ የለውም። ፐርኖው በቀጥታ በፕላስቲኩ ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል። ለቀላል ጭነት ይሆናል፤ አቧራም ብዙ አያስጨንቀውም። የሲሊንደር ኩሽኔታ ብዙ ይሸከማል፣ ግራሶ ይፈልጋል። የኳስ ኩሽኔታ በጣም ቀላል ሆኖ ይሽከረከራል። ለየቀኑ ሥራ ይህን ውሰዱ።

ኩሽኔታው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 6202 የውስጥ ቀዳዳው 15 ሚሊ፣ የውጭ ስፋቱ 35 ሚሊ ነው። 6203 ደግሞ 17 እና 40። 6204 ከሆነ 20 እና 47። እነዚህ በሞተር ሳይክልና በማሽን መለዋወጫ ሱቅ ሁሉ የሚገኙ ናቸው። ሲበላ ጎማውን ሳይሆን ኩሽኔታውን ብቻ ትለውጣላችሁ። ቁጥር የሌለው ኩሽኔታ ያለበትን ጎማ ባትገዙ ይሻላል። በጎኑ የብረት መክደኛ ያለውና የጎማ መክደኛ ያለው አለ። ለባቲ አቧራና ለደሴ ጭቃ የጎማ መክደኛ ያለውን ጠይቁ።

ልብስ ስፌት ቤትና ጨርቃ ጨርቅ ቦታ ላይ ሌላ ነገር አለ። ክር ነው። ወለል ላይ የወደቀ ክር በፐርኖው ላይ ይጠመጠምና ጎማውን እስከማቆም ይደርሳል። በጎማውና በሹካው መካከል ክር የሚከለክል ሳህን ያለውን ምረጡ። ከሌለ በየሳምንቱ በምላጭ ቁረጡለት።

ሰባተኛ፦ ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

ጎማውን በእጃችሁ ይዛችሁ አሽከርክሩት። ወደ ጎን ቢወዛወዝ ተዉት። ሹካውን አዙሩ፤ አሸዋ ያለበት ይመስል የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ተዉት። ሹካውን ከላዩ ላሜራ ጋር ይዛችሁ ነቅንቁት፤ ገና ሳይሠራ የሚላላ ከሆነ ዕድሜ የለውም። የሹካው ብረት ስንት ሚሊ ነው? ሁለት ሚሊ ለሱቅ ጋሪ ነው። ለኩንታል ሦስትና አራት ሚሊ ያስፈልጋል።

ፖሊዩሬቴን ተብሎ ተራ ፕላስቲክ እንዳይሸጥላችሁ ጥፍራችሁን ጫኑበት። ጥሩው ፖሊዩሬቴን ይመለሳል። የጥፍሩ ምልክት የሚቀርበትንና ኃይለኛ የፕላስቲክ ሽታ ያለውን ተጠራጠሩት። ሽፋኑ ከውስጡ ጋር የተያያዘበትን ጠርዝም ተመልከቱ፤ በጥፍር የሚገባ ክፍተት ካለ ጭነት ሲያገኘው ይላጣል።

አራቱን ከአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ግዙ። ቁመታቸውን በሜትር ለኩ። 5 ሚሊ የሚበላለጡ ጎማዎች ያሉት ጋሪ ሁልጊዜ ይወዛወዛል። አምስተኛ መለዋወጫ አብራችሁ ብትይዙ ከዓመት በኋላ ተመሳሳዩን ፍለጋ አትንከራተቱም።

ስምንተኛ፦ መግጠም

ጎማ አይበየድ፤ በቡሎን ይታሰር። የተበየደ ጎማ ሲበላ ቆርጦ ማውጣት ነው ዕጣው። ብየዳው ደግሞ ግራሶውን ያቃጥላል፣ ናይለኑን ያቀልጣል። ሹካው በዚንክ የተለበጠ ስለሆነም ሲበየድ የሚወጣው ጭስ በያጁን ያሳምማል፤ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። መበየድ ግድ ከሆነ ጎማው ይፈታ፣ ዚንኩ በግራይንደር ይነሳ፣ ሥራው ነፋስ ባለበት ይሁን።

የጋሪው አራት ማዕዘን ላይ 6 ሚሊ ውፍረት ያለው ላሜራ ቁረጡና ቱቦላሬው ላይ በይዱ። ጎማው እዚያ ላይ በአራት ቡሎን ይታሰራል። ቱቦላሬውን ራሱን በስተው ቡሎን የሚያሳልፉ አሉ። ቀጭን ቱቦላሬ ሲጠብቅ ይጨፈለቃል፤ ከዚያ ዳዶው ይላላል። ቀዳዳውን ከመብሳታችሁ በፊት ጎማው በእጃችሁ ይግባ። ብዙ ጊዜ እስከ 12.5 ሴንቲ ያሉት ጎማዎች ላይ ቀዳዳዎቹ 80 በ60 ሚሊ ተራርቀው በ8 ሚሊ ቡሎን ይታሰራሉ። ገበያ ላይ ግን የተለያየ አለ፤ ለክታችሁ ብሱ።

ሁለቱ ቋሚ ጎማዎች እኩል ቀጥ ማለት አለባቸው። ይህን ብዙ ሰው አይለካም። በሁለቱ ጎማዎች የፊት ጠርዝ መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። ከዚያ የኋላ ጠርዛቸውን። ልዩነቱ ከ2 ሚሊ በላይ ከሆነ ጋሪው ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ ጎማውም በአንድ በኩል ይበላል። ቡሎኑን ሙሉ በሙሉ ከማጥበቃችሁ በፊት አስተካክሉት።

ዟሪዎቹ ሙሉ ክብ ሲዞሩ ምንም ነገር እንዳይነኩ አረጋግጡ። ብረቱንም፣ ፍሬኑንም፣ የገፊውንም እግር። ከዳዶው ሥር ጥርስ ያላት ሮንዴላ ወይም የናይለን ቀለበት ያለው ዳዶ አድርጉ፤ ኮብልስቶን ተራ ዳዶን በራሱ ይፈታል።

መሞከር

መጀመሪያ ባዶውን፣ ከዚያ ግማሽ ጭነት፣ ከዚያ ሙሉ ጭነት አድርጋችሁ ያንኑ ክፉ ሜትር አሳልፉት። ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ቋሚዎቹን እንደገና ለኩ። ዟሪዎቹ የሚንቀጠቀጡ ከሆነ መዞሪያቸው ላልቷል ወይም ጭነቱ ወደ ፊት በዝቷል። ደፉ ላይ ከቆመ ጎማው አነስ ብሏል፤ ወይ ትልቅ ጎማ ግዙ፣ ወይ ደፉ ላይ ተዳፋት ሲሚንቶ አስሠሩ። ሲሚንቶው ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ከመጀመሪያው ሳምንት ሥራ በኋላ ቡሎኖቹን ሁሉ እንደገና አጥብቁ፤ አዲስ ቀለምና አዲስ ብረት ሲጨናነቅ ቡሎኑ ይላላል። ከዚያ በኋላ በወር አንዴ ይበቃል። ግራሶ መጨመሪያ ጫፍ ካለው መዞሪያውን በዚያው ጊዜ አጠጡት፤ በክረምትና ጋሪው ከታጠበ በኋላ ግን ወሩን አትጠብቁ። አንዱ ጎማ ተበልቶ ሲለወጥ ጥንዱም አብሮ ይለወጥ፤ አሮጌውና አዲሱ ቁመታቸው እኩል አይሆንም።